ኤንፒቲቪ6 ወይስ ናት66፦ የትኛው ለብልሽት ፍተሻ ይቀላል?

ኤንፒቲቪ6 እና ናት66 ፓኬት (የዳታ እሽግ) ከውስጥ ኔትወርክ ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ የአይፒቪ6 አድራሻውን የሚቀይሩ ሁለት ዘዴዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 አርኤፍሲ 6296 በተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ የተገለጸው ኤንፒቲቪ6 የአድራሻውን ቅድመ ቅጥያ (ኔትወርኩን የሚለየውን የመጀመሪያ ክፍል) አንድ ለአንድ ስለሚቀይርና የግንኙነት መዝገብ ስለማይፈልግ፣ ብልሽት ሲያጋጥም መነሻውን መከታተል ቀላል ነው። ናት66 ግን ብዙ ኮምፒውተሮችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ስለሚሸሽግ፣ ማን ምን እንደላከ ለማወቅ የፋየርዎሉን (የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) የግንኙነት ሰንጠረዥ ማገላበጥ ግድ ይላል።

ኤንፒቲቪ6 አልሠራ ሲል በመጀመሪያ የውስጡና የውጪው ቅድመ ቅጥያ ርዝመት እኩል መሆኑን፣ ቀጥሎም አገልግሎት ሰጪው ቅድመ ቅጥያውን በእርግጥ ወደ ፋየርዎሉ የሚመራ መሆኑን ማጣራት ይገባል፤ የማይመራ ከሆነ ፋየርዎሉ የጎረቤት ፍለጋ ጥያቄዎችን («ይህ አድራሻ የየትኛው መሣሪያ ነው?» የሚሉትን) በወኪልነት መመለስ አለበት፤ አለዚያ ፓኬቱ ይወጣል፣ ምላሹ ግን አይደርስም።

ቅድመ ቅጥያው በየጊዜው የሚቀያየርና ፋየርዎሉ ለውጡን የማይከታተል ከሆነ ናት66 ይሻላል። በቀረው ሁሉ ያለማመንታት የምመርጠው ኤንፒቲቪ6ን ነው፤ ሆኖም ከውጪ የሚመጣን ግንኙነት በራሱ ስለማይከለክል የማጣሪያ ደንቦቹ በጥንቃቄ መጻፍ አለባቸው።