የብረት ሽቦ ወይስ ፍሎሮካርቦን? ለፓይክ የሚሆነው ማሰሪያ

ፓይክ የተባለውን አዳኝ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል ጠንካራ ማሰሪያ ሳያስገባ ወደ ውኃ መጣል የለበትም። የዚህ ዓሣ አፍ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥርሶች የተሞላ ነው፤ የተጎነጎነው ክር የቱንም ያህል ክብደት ቢሸከም፣ ተወጥሮ ሳለ ጥርስ ከነካው እንደ ጥጥ ፈትል ይበጠሳል።

ፍሎሮካርቦን የተባለው ግልጽ የፕላስቲክ ክር የሚወደደው ውኃ ውስጥ ብዙም ስለማይታይ ነው፤ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ገደማ ሲሆን ከውኃው 1.33 ብዙም አይርቅም። ቀጭኑ ግን ለፓይክ አይረባም። ቢያንስ 0.8፣ ቢቻል 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል፤ ያም ሆኖ ሊቆረጥ ይችላል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ በጥፍሬ እዳስሰዋለሁ፤ ትንሽ ጭረት ካገኘሁ ወዲያውኑ እለውጠዋለሁ።

ሽቦው ይታያል፤ አንዴ ከተጠማዘዘም ስለማይቃና መጣል ነው። ጥርስ ግን አይቆርጠውም። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው፦ ክር ቆርጦ ያመለጠ ፓይክ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ጉሮሮው ውስጥ ይዞ ይሄዳል፤ መብላት አቅቶት ሊሞትም ይችላል። በተለይ የሞተ ዓሣ ለማባበያ ሳቀርብ ፓይኩ ጠልቆ ስለሚውጠው፣ 45 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ሳላስር አልጥልም። ፍሎሮካርቦኑን የማወጣው ውኃው እንደ መስታወት በጠራ ቀን ብቻ ነው።