የስኳር መለኪያዬን ይዤ የዋልኩት የበዓል ሰሞን

በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ አድርጌ ውጤቱ 6.1 ከመቶ ሆነ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ገና ስኳር በሽታ ባይባልም ወደዚያው የሚያደርስ መንገድ እንደሆነ ዶክተሯ አስረዳችኝ። መድኃኒት አላዘዘችልኝም። «ምግብዎን ያስተካክሉ፣ ይንቀሳቀሱ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንገናኛለን» አለችኝ። ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሜ «በዓሉስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «በበዓሉማ ይብሉ፤ ግን እያወቁ ይብሉ።»

እያወቁ መብላት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ይህችን መለኪያ ከገዛሁ በኋላ ነው። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ በስትሪፕ (ደሙን በምትቀበል ቀጭን ቁራጭ) የምትሠራ ተራ የጣት ደም መለኪያ ናት። ስትሪፑ ሲሰካ ራሷ ትበራለች፣ የደም ጠብታውን በስትሪፑ ጫፍ ስባ ትወስዳለች፣ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ቁጥሩ ይመጣል። መወጋቱን ፈርቼው ነበር። የጣትን ሆድ ትቶ ጎኑን መውጋት ሕመሙን በጣም ይቀንሰዋል፤ እጅን በሞቀ ውኃ ታጥቦ ወደ ታች ትንሽ ማንጠልጠል ደግሞ ደሙን ያመጣዋል። ሁለት ቀን ሳይሞላኝ ለመድኩት።

በመጀመሪያው የበዓል ቀን ምንም ሳልቀይር፣ እንደ ወትሮዬ በላሁ። ከምሳ በፊት 104 ነበርኩ (የመለኪያዬ ቁጥሮች ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)። ርቦኝ ስለነበር ስጋው እስኪቀርብ ዳቦ በጭማቂ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሩዝና ድንች፣ ከዚያ ስጋው፣ ሰላጣውን ለወጉ ያህል፣ በመጨረሻም ኬክ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከዋጥኩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 191። ጤነኛ ሰው በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከ140 በታች ነው። ቁጥሩን ለማንም ሳልናገር መለኪያውን ኪሴ ከተትኩ፤ የቀረውን ቀን ልቤ ከበዓሉ ጋር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ እህቴ ቤት ተጠራን። ማዕዱ ያው ነው፤ እኔ የቀየርኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ሰላጣውንና የተቀቀለውን አትክልት አስቀደምኩ፣ ስጋውን አስከተልኩ፣ ዳቦና ሩዝ ላይ የደረስኩት ሆዴ ግማሽ ከሞላ በኋላ ነው። በጭማቂው ፈንታ ውኃ። ኬኩንም አልተውኩትም፤ አነስ ያለ ቁራጭ ወዲያው ከምግቡ በኋላ በላሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ 148 አየሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ነገሩ ተአምር የለበትም። የአትክልቱ አሰር፣ የስጋው ፕሮቲንና ቅባት ቀድመው ሲገቡ ጨጓራ ቀስ ብላ ነው የምታወርደው፤ ዳቦው የሚለቀው ስኳርም በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ አይገባም። በሌላ ቀን ተመሳሳይ ምሳ በልቼ ከልጆቹ ጋር ሃያ ደቂቃ በእግር ዞርኩ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ ይወስዳል፤ ተመልሼ ስለካ 129። የበላሁትን በሚዛን አልመዘንኩም፤ የአንድ ሰው ጥቂት ልኬት ነው። ለእኔ ግን በቂ ነበር፤ ከእህቴ ማዕድ ከጭማቂው በቀር አንድም ነገር ሳልተው እንደ ሰው በልቼ ተነሳሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ጭማቂው ነው። ለስላሳ መጠጥ ካቆምኩ ዓመታት ሆኖኛል፤ ለእንግዳ የሚቀርበውን የብርቱካን ጭማቂ ግን «ፍራፍሬ ነው» እያልኩ በትልቅ ብርጭቆ እጠጣ ነበር። አንድ ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብለካ 186 ወጣ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት አንድ ሙሉ ብርቱካን ልጬ በላሁ፤ 137። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል፣ አሰሩ ወንፊት ላይ ይቀራል፣ ስኳሩ በሁለት ደቂቃ ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር ሻይ ላይ ከምንጨምረው ስኳር ጋር አብሮ ነው የሚቆጥረው።

እማዬ ስኳር አለባት፤ ስኳር የሚያወርድ እንክብል ትወስዳለች። ያንኑ ዓይነት መለኪያ ለእርሷም ገዝቼላት ነበር። መርፌውና ጣት የሚወጋው እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ በቤተሰብም ቢሆን መዋዋስ ስለማይገባ ለየራሳችን ነው የያዝነው። በበዓሉ ዋዜማ «ማታ በደንብ ስለምንበላ» ብላ ቁርስም ምሳም ሳትበላ ውላለች፤ እንክብሏን ግን ውጣለች። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እጇ ሲንቀጠቀጥና ግንባሯ ላብ ሲያወጣ አየሁ። እርሷ «ድካም ነው፣ ስቆም ስለዋልኩ ነው» ትላለች። በራሷ መለኪያ ለካናት፤ 61። ከ70 በታች ዝቅተኛ ስኳር ነው፣ ከዚያ እየወረደ ከሄደ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ያንን የተራገምኩትን ጭማቂ ግማሽ ብርጭቆ አጠጣኋት። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀን ስንለካ 92 ሆነች፤ ከዚያ ዳቦና እንቁላል አበላናት። መለኪያው ባይኖር ኖሮ «ጋደም በይ፣ ይለፍልሽ» ብዬ አልጋዋ ላይ ልተዋት እችል ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ለበዓል ብላችሁ እናታችሁን ጦም አታውሏት፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነማ ፈጽሞ።

አሁን ስለ ድክመቱ። ወጪው ማሽኑ አይደለም፣ ስትሪፑ ነው። አንዱ ስትሪፕ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፣ የአንዱ ዓይነት ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ስትሪፑ በአካባቢያችሁ ሳይቆራረጥ መገኘቱን አረጋግጡ። ብልቃጡን ከከፈታችሁ ወዲያው ክደኑት፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወር እንደሚያገለግልም ላዩ ላይ ተጽፏል። ማሽኑ ልኬቶቹን በቀንና በሰዓት ያስቀምጣል፤ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ግን አይለይም፣ እኔ በደብተር ስጽፍ ከረምኩ። የስክሪኑ ቁጥርም ለእማዬ ዓይን ደቃቅ ነው።

ትክክለኛነቱን በተመለከተ፣ ከአንድ ጣት በተከታታይ ሁለት ጊዜ ለክቼ 131 እና 140 አግኝቻለሁ። ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በ2013 የታደሰው አይ.ኤስ.ኦ 15197 የተባለው የስኳር መለኪያ ማሽኖች ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ፣ ስኳር 100ና ከዚያ በላይ ሲሆን የእነዚህ ማሽኖች ውጤት ከላቦራቶሪው እስከ 15 ከመቶ እንዲለያይ ይፈቅዳል። በአምስትና በስድስት ልዩነት እንቅልፍ አትጡ። ከሁሉ በላይ እጃችሁን ታጠቡ። ብርቱካን ልጬ እጄን ሳልታጠብ ብለካ 243 ብሎኝ ልቤ ሊቆም ነበር፤ በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ ስደግመው 118።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ማሽን የሚያየው ስኳርን ብቻ ነው፤ ጨውንና ቅባትን አያይም። እኔም ወጥመዱ ውስጥ ገብቼ ነበር። ቅባት የበዛበትና ጨው የጠገበ ስጋ ያለ ዳቦ ስበላ ቁጥሩ 110 አካባቢ ሲቆይ ደስ ብሎኝ ሁለት ቀን እንደ ልቤ በላሁ። በሦስተኛው ጠዋት የደም ግፊቴ 146 በ92 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። የስኳሩ ቁጥር ስላማረ ምግቡ ጤናማ ነው ማለት አይደለም።

ስኳር ለሌለበት ጤነኛ ሰው ግዙ አልልም፤ ስትሪፑንም ጣቱንም ያባክናል። እንደኔ ጠርዝ ላይ ላለ፣ ወይም ቤቱ የስኳር ታማሚ ላለበት ግን ከበዓሉ በፊት ይግዛ እላለሁ። ሁሌ መለካት አያስፈልግም፤ እኔ በአራት ሳምንት ውስጥ ሃምሳ ገደማ ስትሪፕ ነው የጨረስኩት፣ አብዛኛውንም በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት። አሁን አዲስ ምግብ ሲገጥመኝ ብቻ እለካለሁ። እህቴ ባለፈው እሁድ ስንሄድ ሰላጣውን ከሁሉ አስቀድማ አቀረበች፤ እማዬ ደግሞ ምሳዋን ሰዓቱን ጠብቃ በልታ፣ መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጣች።