ለግቢ ፍሳሽ የቱ ይሻላል? ሴፕቲክ ታንክ፣ ባዮጋዝ ወይስ የሸምበቆ አልጋ

ወሎ ውስጥ ቤት የምትሠሩ፣ ስለ ታንኩ ስፋት ከመነጋገራችሁ በፊት አፈሩን እዩ። ታንክ ብቻውን ፍሳሽ አያጠራም።

ሴፕቲክ ታንክ የቤቱ ፍሳሽ የሚገባበት የተቀበረ ታንክ ነው፤ ውስጡ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሀል ያለው ውሃ ይወጣል። ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ቀስ በቀስ ይበሉታል። የሚወጣው ውሃ ግን ገና ጀርምና የወስፋት እንቁላል አለበት። የቀረውን የሚያጠራው በማስረጊያው፣ ማለትም ውሃው ወደ መሬት በሚሰርግበት ቦታ፣ ዙሪያ ያለው አፈር ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነስ? ክረምት ላይ ያብጣል፣ አያሰርግም፣ ፍሳሹ ግቢ ላይ ይወጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ማስረጊያው በሚሆንበት ጥልቀት ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበት፤ አፈሩ እስኪጠግብ ደጋግሙት። ከዚያ ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት 2.5 ሳንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ ማስረጊያን እርሱት። ቢሰርግም ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ባዮጋዝም የሚሠራው በእነዚያው ባክቴሪያዎች ነው፤ ልዩነቱ ሜቴን የሚባለውን የሚነድ ጋዝ ይዞ ለምድጃ መስጠቱ ነው። ከብት ለሌለው ግን አልመክርም። የአምስት ሰው ሽንት ቤት ብቻውን ምድጃ አንድ ሰዓት እንኳ አያነድም። ባክቴሪያዎቹ 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይወዳሉ። ስለዚህ ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ ላይ ጥሩ ይሄዳል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ግን ትቀዘቅዛለች፤ ፍጭቱ ስለሚጓተት ጉድጓዱ ሰፋ ማለት አለበት። በረኪና ያለበትን የልብስ ውሃ ደግሞ በፍጹም አታስገቡበት፣ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

እኔ ዋልካ ላይ ለሚሠራና ከብት ለሌለው የምመርጠው የሸምበቆ አልጋ ነው። ከሴፕቲኩ የወጣው ውሃ ሸምበቆ በተተከለበት ጠጠር መሀል ቀስ ብሎ ያልፋል። ጠጠሩና ሥሩ ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበላሉ። ተክሉ ሸምበቆ ወይም ፊላ ይሆናል፤ ሁለቱም ውሃ ዳር የሚበቅሉ ናቸው። ለማስረጊያ ያስቸገረው ዋልካ እዚህ ይጠቅማል፤ በደንብ ከተጠቀጠቀ ታቹን ይዘጋል። ጉዳቱ ቦታ ይፈልጋል፣ ለአንድ ሰው ጥቂት ካሬ። ውሃው ከጠጠሩ በላይ እንዳይታይ አድርጉ፤ ከታየ ወባ ባለበት አገር የትንኝ መራቢያ ይሆናል። የወጣውን ውሃ ለዛፍ አጠጡት እንጂ ሰላጣ ላይ አታፍስሱት።

ሴፕቲክ ያለበት ሁሉ በየተወሰነ ዓመት ዝቃጩ መመጠጥ አለበት። የደሴ ተዳፋት ላይ ያላችሁ ታንኩን ከግቢው ጀርባ ሳይሆን የመምጠጫው መኪና ቱቦ ከሚደርስበት ከመንገዱ በኩል አስቆፍሩት። ክዳኑንም ሲሚንቶ አትለስኑበት።