ሰፈፍ፣ ጡብ ሰም ወይስ ሻማ? በፎቶ ላይ ለሚሠራ የሰም ሥዕል

ሥራዬን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ሰሙን ከየት ገዛኸው? ስንት?» መልሴ ሰፈፍ ነው፤ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው የንብ ሰም። ከጠጅ ቤት፣ ከነጌሾው።

እኔም የጀመርኩት ሻማ እያቀለጥኩ ነበር። ሻማ ፓራፊን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ድርቅ ይላል፣ ኮምፔንሳቶ ላይ የለጠፍኩት ፎቶ በሳምንቱ ጠርዝ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ርካሽ የሚመስለውም በፍሬ ስለሚሸጥ ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ኪሎው 420 ብር መጣብኝ።

ያከሰረኝ ግን ጡብ ሰሙ፣ በጡብ ቅርጽ ተጋግሮ የሚሸጠው የንብ ሰም ነው። እዚሁ ጅማ «ንጹህ ነው» ተብዬ ኪሎውን በ650 ብር ገዛሁ። ቢጫነቱ ያምራል። እናቴ ቡና ስትለቅም የተነሳችውን ፎቶ በሰም ሸፍኜ፣ በካውያ አሙቄ አዋሃድኩት። ከአሮጌ ራጅ የቆረጥኩትን የቡና ቅርንጫፍ ስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ የወጣበት ሉህ) አስቀምጬ ሁለተኛውን ሰም ቀባሁበት። ሰሙ ለብ እንዳለ ራጁን ሳነሳ የታችኛው ተላጦ አብሮ መጣ፤ ግንባሯ ላይ ወረቀቱ ሳይቀር ተቦጨቀ። ፋይሉ ስልኬ ላይ ስላለ እንደገና አሳተምኩት፣ የሁለት ቀን ሥራዬ ግን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሳላላምጥ አልገዛም። ንጹህ የንብ ሰም ጥርስ ላይ አይጣበቅም፤ ሞራ የገባበት ምላስ ላይ ቅባት ይተዋል። ስትሰብሩትም የተሰበረበት ቦታ ደብዘዝ ያለና ሻካራ መሆን አለበት።

ሰፈፉን «እትዬ፣ ሰፈፍ አስቀምጡልኝ» ብዬ አስቀድሜ ካዘዝኩበት ቤት ኪሎውን በ240 ብር ወሰድኩ። በውሃ አፍልቼ በነጠላ ቁራጭ ሁለት ጊዜ አጠለልኩት። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ከሥሩ የተጣበቀውን የጌሾ አተላ በቢላዋ መፋቅ ነው። የቀረኝ 650 ግራም። የከሰል 20 ብር ስጨምርበት ኪሎው ልክ 400 ብር ሆነ፤ ከጡቡ በ250፣ ከሻማው በ20 ብር ይረክሳል። በግብፅ ፋዩም ከተገኙት የ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን የሙታን ምስሎች ብዙዎቹ የተሣሉት በዚሁ በንብ ሰም ነው፤ ፊታቸው ዛሬም ይታያል።

ማቅለጡን በውሃ በተሞላ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አድርጉት፣ በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም። ሰሙ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በጅማ ከፍታ ውሃው 94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሰሙ እስኪጨስ አይደርስም። ፎቶውን በሌዘር ማተሚያ በተራ ወረቀት አሳትሙ። የፎቶ ቤቱ አንጸባራቂ ወረቀት ፕላስቲክ ስላለበት ሰም አይጠጣም፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው።

ሰፈፍ አንድ ችግር አለበት፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ነጭ ልብስ ያጠይማል። የእናቴን ነጠላ እንኳ የወተት ሻይ አስመስሎታል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ለሠርግ ፎቶ ከሆነ ግን ጡቡን ግዙ፣ አላምጣችሁ።