ፍልጥ ከደረቀ ወዲያ፦ በደሴ የሚገኝ የአንድ ማገዶ ቤት ግምገማ

በደሴ ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት፣ የሰፈሩ ሰው ግን ሁሉ የሚያውቀው አንድ የማገዶ መሸጫ አለ። ለቤት ምድጃ የሚሆነውን ፍልጥም ሆነ ለድግስ የሚሆነውን ጉማጅ የምገዛው ከዚያ ስለሆነ፣ የክረምት ማገዶ ለማስገባት ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ። ዋጋው በመንገድ ዳር በሸክም ከሚሸጠው ከፍ ይላል፤ በእኔ ግምት ግን የሚያዋጣው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ማገዶ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ እንጨቱ ዓይነት ሳይሆን ስለ ድርቀቱ ነው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። በአግባቡ የደረቀ ፍልጥ የሚይዘው ውኃ ግን 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል እርጥብ እንጨት በኪሎ የገዛ ሰው 50 ኪሎ ያህል ውኃ አሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ውኃ በገዛ እሳቱ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስም ድስቱ አይፈላለትም፣ ማድ ቤቱም በጭስ ይታፈናል። የዚህ ማገዶ ቤት ዋና ብልጫ እንጨቱ ከመስቀል በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ተቆርጦ ወዲያው መፈለጡ፣ ከዚያም መሬት እንዳይነካ በአግዳሚ ላይ ተደርድሮ፣ ከላይ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ጎንና ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ መቀመጡ ነው። ወዲያው መፈለጡ የግድ ነው፤ በደጋው የበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ጅማቱ የተጠማዘዘ ስለሆነ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ሳይፈለጥ የከረመ ግንድ ደግሞ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ሻጩ «ደረቅ ነው» ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ከክምሩ መካከል ሁለት ፍልጥ መዝዞ እርስ በርሱ ማጋጨት ነው፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ እርጥቡ ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ጫፉ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ስንጥቆች ካሉ፣ ቅርፊቱም በጥፍር ሲነካ የሚላቀቅ ከሆነ መልካም ምልክት ነው። እሳት ላይ ሲደረግ በጫፉ አረፋ እየደፈቀ የሚንጫጫ ፍልጥ ግን ምንም ዓይነት ምስክር አያሻውም። በመንገድ ዳር ከሚሸጡት እስሮች አንዳንዶቹ ዙሪያቸው ደረቅ፣ መሐላቸው እርጥብ ሆነው ስለሚገኙ፣ እስሩ ሳይፈታ ባይገዛ ይሻላል።

ድርቀቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የዓይነቱ ነገር የሚመጣው። እንጀራ ለመጋገር ቶሎ የሚያያዝ፣ ነበልባሉ በምጣዱ ሥር ሁሉ የሚዳረስ፣ ሲያስፈልግም ገፋ ወይም ሳብ የሚደረግ ቀጭን ፍልጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደረቅ ባሕር ዛፍ ከነጭራሮው የሚወዳደረው የለም። በተለይ «ምርጥ» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ የሚጠቀም ሰው አጠር አጠር ተደርጎ እንዲፈለጥለት አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ይህ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ የሚቆጥበው እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዘግቶ ስለሚይዝ ነው፤ ረጅም እንጨት ከአፉ ወጥቶ ደጅ ሲነድ ግን ጥቅሙ ይቀራል። ቤቱ የሚያሠራቸው ፈላጮች በዚህ ረገድ ጠንቃቆች ናቸው። ወፍራሙን ሳነሣ አንደኛው፣ «እትዬ፣ ይኼ ለምጣድ አይሆንም፤ ለድስት ከሆነ ይውሰዱት» ብሎ መልሶልኛል፤ ብዙ የሚሸጥበትን ትቶ የሚበጀኝን መናገሩን ወድጄለታለሁ።

ለድስት ሌላ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላም ሥጋም ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ከነበልባል ይልቅ ፍሙ የሚቆይ እንጨት ይመረጣል። ከኮምቦልቻ በታች ወደ ባቲ የሚወስደው ቆላ ግራር አለው፤ ግራር ጠንካራ፣ ፍሙም የሚበረክት በመሆኑ ለዳስ ድግስና ለትልልቅ ድስቶች ከባሕር ዛፍ ይበልጣል፤ በዚህ ቤት ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ወይራም አልፎ አልፎ ይመጣል። ወይራን ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን ማጠኛ ከምትበቃ ቁራጭ በላይ አልገዛም፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ከተቆረጠበት ጉቶ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጽድ ብልጭታ እየረጨ ስለሚነድ ሣር ለተጎዘጎዘበት ዳስ አይመከርም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው መስፈሪያ ነው፤ ሽያጩ በቁልል እንጂ በሚዛን አይደለም፤ ለደረቅ እንጨት ይህ ባልከፋ፣ ነገር ግን ደርዳሪው ፍልጦቹን አጣጥሞ ቢያስቀምጥም እንዳገኘ ቢወረውርም ቁልሉ ለዓይን እኩል ይመስላል፤ የተወረወረው ግን ውስጡ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሲደረደር ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ከግቢው ጥግ ከፈረሰ ቤት የመጣ ቀለም የተቀባ ጣውላና የቺፕውድ ስብርባሪ በርካሽ ይሸጣል። ቀለሙና ማጣበቂያው ሲነድ የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ስለሆነ እንዲህ ያለው እንጨት ለጤና ጠንቅ ነው፤ ምግብ በሚበስልበት እሳት ውስጥ መግባት አይገባውም፣ ቢረክስም። ይህንን ለባለቤቱ ነግሬው «ፈላጊ አለው» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠኝም።

መግዣው ጊዜ ከሰኔ በፊት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም ሲበረታ በቆርቆሮ ሥር ያለውም እርጥበት ይስባል፣ ዋጋውም ይወጣል። የማጓጓዣ ሒሳብ ከእንጨቱ ዋጋ ውጪ ነው፤ ቤትዎ አቀበት ላይ ከሆነ ባለ ባጃጁ እስከ በር ይድረስ ወይም ከአስፋልቱ ያራግፍ፣ ሳይጫን ተነጋግረው ይጨርሱ።