ስለተተከለ ፀጉር ዕድሜ እውነቱን ለነገረኝ የደሴ ፀጉር አስተካካይ

ምስጋናዬን ላቀርብለት የፈለግሁት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ሁለት ወንበር ብቻ በምትይዝ ፀጉር ቤት ለሚሠራ ወንድሜ ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልወደደ አልጠቅሰውም፤ ለሚፈልግ ሰው ግን ቤቱን በውስጥ መስመር እጠቁማለሁ። አሳምሮ የሚቆርጥ ባለሙያ በከተማችን ሞልቷል፤ እኔ የማመሰግነው ግን ለኪሱ የማይጠቅመውን እውነት ስለነገረኝ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ለንግድ ኢስታንቡል በሄድኩበት ጊዜ ከግንባሬ ሸሽቶ የነበረውን ፀጉር በንቅለ ተከላ አስመለስኩ። ያገናኘኝ ደላላ «የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» ከማለት በቀር የነገረኝ ነገር ስላልነበረ፣ ደሴ ተመልሼ በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው ፀጉር ትራሴ ላይ መርገፍ ሲጀምር ገንዘቤን የተበላሁ መስሎኝ ነበር። የጦሳ ብርድ ለኮፍያዬ ሰበብ ሆነልኝ እንጂ የጓደኞቼን ቀልድ የምችለው አልነበረም። ያን ጊዜ «አብሽሩ ጋሼ፣ የረገፈው ዘንጉ ነው፤ ሥሩ ቆዳዎ ውስጥ አለ» ብሎ ያረጋጋኝ ይኸው ሰው ነው። እንዳለውም በአራተኛው ወር አዲሱ ፀጉር ብቅ ብቅ አለ፤ ዓመት ሲሞላው ማበጠሪያ ያዘ።

ዋናው ነገር የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቀን ቶንዶሱን አጥፍቶ፣ መስታወት ከአናቴ በላይ ይዞ አሳየኝ፤ ግንባሬ ላይ ያለው ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ ሳለ ከበስተኋላው ቆዳዬ ይታይ ነበር። የተተከለው እየሞተ ነው ብዬ ስደነግጥ፣ «የተተከለውማ በቦታው አለ፤ እየሸሸ ያለው የራስዎ ነው» አለኝ። መደርደሪያው ላይ ፀጉር ያበቅላል የሚባል ቅባት ነበር፤ ልግዛ ብለው እንኳ አልሸጠልኝም። (ታዲያ ለምን ታስቀምጠዋለህ ስለው «ሽታው ደስ ይላል» ነው ያለኝ።) ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ለማሠራት ከመቸኮሌ በፊት የቆዳ ሐኪም እንዳይ መከረኝ።

ሐኪሟም ያንኑ አስረዱኝ። በወንዶች የተለመደው መመለጥ የሚመጣው፣ ዲኤችቲ የተባለው ሆርሞን በዘር የተጋለጡ የፀጉር ሥሮችን ቀስ በቀስ እያቀጨጨ ስለሚሄድ ነው፤ የማጅራትና የጎን ሥሮች ግን ሆርሞኑን ስለሚቋቋሙ፣ ግንባር ላይ ቢተከሉም የመጡበትን ቦታ ጠባይ ይዘው ይኖራሉ። ይህንን ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ባሳተመው ሥራ አሳይቶታል። ስለዚህ የተተከለው ፀጉር ለአሥርተ ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል፤ በዙሪያው ያለው ነባር ፀጉር ግን መሳሳቱን አያቆምም፤ በዕድሜ ብዛት የማጅራቱም ሲሳሳ ከዚያ የመጣው አብሮ ይሳሳል። ከማጅራት የሚወሰደው ሥር ውስን ስለሆነ፣ ቸኩዬ ብደግም ኖሮ መጠባበቂያዬን ያለ ጊዜው እጨርስ ነበር። አሁን ሐኪሟ ባዘዙልኝ ሚኖክሲዲልና ፊናስተራይድ የቀረኝን ይዣለሁ፤ ሁለቱም ሲቋረጡ ያቆዩት ፀጉር በወራት ውስጥ ይሄዳል፤ ፊናስተራይድ የተባለው ኪኒን ደግሞ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም።

እጁም ቢሆን ያስመሰግነዋል። ሥሮቹ አንድ በአንድ በተነቀሉበት ማጅራቴ ላይ ትንንሽ ነጫጭ ነጥቦች ስለቀሩ በዜሮ ቢላጭ ይጋለጣሉ፤ እሱ ግን ሳልነግረው ትንሽ አስረዝሞ ይተወዋል። ለማሠራት ያሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንደ እኛ የተጠቀለለ ፀጉር ሥሩም ቆዳ ውስጥ ስለሚጠማዘዝ ሲነቀል በቀላሉ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በዚህ ዓይነት ፀጉር ላይ የሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ቁስላችሁ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥባችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ዋጋው ከአካባቢው ፀጉር ቤቶች አይለይም። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ቅዳሜ ወረፋው ረጅም ነው።