የሌሊት እንቁራሪት ፍለጋ በሲንሃራጃ ደን፦ አራት ኮከብ

የአስጎብኚ ድርጅቱ ማስታወቂያ «ብርቅዬ እንቁራሪት በእርግጠኝነት ያያሉ» ይላል። ውሸት ነው። እንቁራሪት ቀጠሮ አያከብርም። የመጀመሪያው ሌሊት ደረቅ ስለነበር ተራዎቹን ብቻ አይተን ተመለስን። በማግስቱ ዝናብ ሲጥል እንደገና ከፍዬ ሄድኩ።

ሲንሃራጃ በደቡብ ምዕራብ ስሪላንካ ያለ የዝናብ ደን ነው። ዩኔስኮ በ1988 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ከመሸ ወደ ውስጥ ስለማያስገቡ የተጓዝነው በዳር በዳሩ ነው። በግራችን የሻይ ተክል፣ በቀኛችን ደኑ። ዓይኔን ብጨፍን እንኳ በጆሮዬ እለያቸው ነበር። ከሻዩ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ይመጣል። ደኑ ግን የቅዳሜ ገበያ ነው።

አስጎብኚያችን ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ለእሳቸው ስድስት ኮከብ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ገና ሳንነሳ የሁላችንንም እጅ አሸተቱ። የትንኝ ቅባት የተቀባ ሰው ቅጠል እንዳይነካ ከለከሉ፤ የእንቁራሪት ቆዳ ያገኘውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይመጥጣልና።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን አንድ ግንድ ላይ አበሩ። እኔ የታየኝ የዛፍ ሽበት ብቻ ነው። «ትንሽ ይታገሡ» አሉኝ። ሽበቱ ዓይኑን ገለጠ! ፕሲውዶፊላውተስ ካቪሮስትሪስ ይባላል፤ ለመጥፋት ከተጋለጡት የቁጥቋጦ እንቁራሪቶች አንዱ ነው። ጥላ ያለው ጥሩ ደን ይፈልጋል፤ ዛፉ ተመንጥሮ ሻይ ሲተከል መሸሸጊያ የለውም። ከዚሁ ወገን ከ15 በላይ ዝርያዎች ጭራሽ ጠፍተዋል።

እሳቸው ሲያወሩ በጣም የገረመኝ ስለ እንቁላሉ ነው። እነዚህ እንቁራሪቶች ኩሬ አያሻቸውም። በብዙዎቹ ዘንድ ሴቷ አፈር ቆፍራ እንቁላሏን ትጥልና ከአፈሩ ጋር ታሸዋለች። ጭራ ያለው እጭ የሚባል የለም፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ያለቀለት ሚጢጢ እንቁራሪት ነው። ለዚህም መሬቱ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በድርጅቱ ነው። አራት ሰው ብለው ስምንት አጨቁን። አንዱ ደግሞ ፍላሽ አታብራ ቢባል ወይ ፍንክች፤ እንቁራሪቱ ዘሎ ጠፋ፣ እኔም በወጉ ሳላየው ቀረሁ።

አልቅት እንዳይገባ የሚከላከል ካልሲ በነጻ ይሰጣሉ። ትልቁን ቁጥር ጠይቁ። የእኔው ከጉልበቴ በታች ቀርቶ ሦስት አልቅት አስገብቷል።